በርሜሉ ሞልቷል

እናቴ ዓረብ አገር በነበረችበት ጊዜ ድምጿ የአያቴ፣ ፊቷ ደግሞ የእኔ ነበር። እንዲህ የተካፈልናት ወደን አይደለም። ቦንጋ መናኸሪያው አጠገብ ያለው የኢሳያስ ኢንተርኔት ቤት ካሜራ የተገጠመለት አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበረው፤ ለእሱም ጆሮ ላይ የሚደረግ አንድ ማዳመጫ። የአያቴን ዓይን ሞራ ስለጋረደው ስክሪኑ ለእሷ ከሚያበራ መስኮት የተለየ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ማዳመጫውን እሷ ታደርጋለች፣ እኔ ጉልበቷ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። እናቴ አፏን ስታንቀሳቅስ ምን እንዳለች አላውቅም፤ አያቴም ልጇ ስትናገር ምን እንደምትመስል አታውቅም። ሲያልቅ ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ እንለዋወጣለን። እሷ የሰማችውን ትነግረኛለች፣ እኔ ያየሁትን እነግራታለሁ።

ኢሳያስን አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ስፒከሩን ክፈትልን፣ እኔም ልስማት» ብዬው ነበር።

«ተበላሽቷል፣ ዩስራ» አለኝ።

አልተበላሸም። በበራፉ ባለፍኩ ቁጥር መዝሙር ሲከፍትበት እሰማ ነበር። በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት ስልክ ማነጋገር ክልክል ነው ይባል እንደነበር፣ ኢሳያስም ድምፁ ወደ ውጭ ከወጣ ቤቱን ያሽጉብኛል ብሎ ይፈራ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እኛ ስንገባ መጋረጃውን የሚዘጋውም ለዚሁ ነበር። እኔ ግን እናቴ ፊቷን ለመንገደኛ ሁሉ እንዳታሳይ የሚደረግላት ክብር መስሎኝ ተጀንኜ እገባ ነበር።

እኛ ማር ነጋዴዎች ነበርን። አያቴ ሐዋ በወጣትነቷ ከወሎ መጥታ ቦንጋ ላይ ሱቅ የከፈተች ናት፤ «የእትዬ ሐዋ ማር ቤት» ካሉት ማንም ሕፃን እጅ ይዞ ያደርሳል። አባቴ ከሊል የጅማ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ከሞተ በኋላ ሱቁን የያዙት አያቴና ልጇ፣ ማለትም እናቴ ራሕመት፣ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በገበያ ቀን ከማንኪራና ከየጫካው ዳር ገበሬዎች ማር ይዘው ይመጣሉ፣ እናቴ ትቀምሳለች። ትንሿን ጣቷን ነከር አድርጋ ምላሷ ጫፍ ላይ ታስቀምጥና ዓይኗን ትጨፍናለች። ስኳር የገባበትን ማር ለማወቅ ከዚያ በላይ ጊዜ አይፈጅባትም።

ጣጣው ማወቁ ሳይሆን መናገሩ ነው። ለባለማር ፊት ለፊት «ማርህ ድብልቅ ነው» አይባልም። ሌባ ነህ ከማለት አይተናነስም፤ ሰውየው ይቀየማል፣ ዘመዶቹ ይቀየማሉ፣ የአካባቢው ማር በሙሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነጋዴ ቤት ይገባል። ስለዚህ እናቴ «ማሻአላህ፣ ሽታው ራሱ!» ብላ ካመሰገነች በኋላ ሻሿን በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ግራ ቅንድቧ ላይ ታወርደዋለች። አያቴ በሩ ጋ ሆና ይህን ስታይ፣ «ምነው ትናንት በመጣህ ኖሮ፤ በርሜሉ ሞልቷል» ትላለች። ሰውየው ክብሩ ሳይነካ ማሩን ይዞ ይሄዳል። ማሩ ንጹሕ ሲሆን ደግሞ እናቴ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ ታደርገዋለች፣ የፀጉሯ ዳር ብቅ ይላል፣ አያቴም «በል ሚዛን ላይ አውጣው» ትላለች።

እኔ ይህን የማውቀው እንደ ጨዋታ ነበር። ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለማርያም ልጆች ጋር ጭቃ በጣሳ በጥብጠን «ማር ማር» ስንጫወት ቀማሿ ሁልጊዜ እኔ ነኝ፣ የወንድ ሸማ ጠምጥሜም ቢሆን ቅንድቤ ላይ አወርዳለሁ። ኋላ እናቴ የተዳከመውን ሱቅ መልሼ ላቋቁም ብላ ዓረብ አገር ሄደች፣ የአያቴ ዓይን ጠፋ፣ ጨዋታውን የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።

የምናገኛት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ጠዋት እትዬ አስካለማርያም ፀጉሬን ትሠራኛለች፤ «ደህና አድርገሽ ተቀመጪ፣ እናትሽ ልጄ ተጎሳቆለች እንዳትል» እያለች ጎትታ ጎትታ ዓይኔን ታስለቅሰኛለች። አያቴ የዒድ ቀሚሷን ትለብሳለች። እሷ እናቴን ማየት ባትችልም በእናቴ መታየቷን አልረሳችም ነበር።

ስክሪኑ ላይ እናቴ ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ባለ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። በስተቀኝ ወርቃማ መጋረጃ ይታያል። ያ ሁሉ የእናቴ ቤት መሰለኝ፤ ለክፍሌ ልጆችም «እማዬ ቤት የወርቅ መጋረጃ አለ» ብዬ አውርቻለሁ። ከኋላዋ የወንበሩን መደገፊያ የያዘ አንድ እጅ አለ። ፊቱን አላየሁትም፣ ጥቁር እጅጌና ትልቅ ቀለበት ብቻ። ያ እጅ አንድም ዓርብ ቀርቶ አያውቅም።

«እማማ፣ እማዬ ጓደኛ አላት» አልኳት ለአያቴ። «ሁልጊዜ ወንበሯን ትይዝላታለች።»

«ተመስገን» አለች አያቴ። «ሰው አይጣት።»

አንድ ዓርብ አያቴ በድንገት በካፊኖኖ ማውራት ጀመረች። እናቴ ቦንጋ ተወልዳ ያደገች፣ ከባለማሮቹ ጋር በቋንቋቸው የምትጨቃጨቅ ሴት ናት፤ አያቴም የገበያውን ታህል ታውቃለች። በስክሪኑ ላይ የእናቴ አፍ ይፈጥን ነበር። አያቴ «እ? ምን አልሽኝ? ድገሚው» አለች። ወዲያው ያ ባለ ቀለበት እጅ በእናቴ ትከሻ ላይ አልፎ መጣ፣ ሁሉ ነገር ጠቆረ።

«ኔትወርኩ ነው፣ እትዬ» አለ ኢሳያስ።

አያቴ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆየች። «ኔትወርክ ‹በአማርኛ ተናገሪ› ይላል እንዴ፣ ኢሳያስ?» አለችው።

እኔ ሳቅኩ። ኢሳያስ አልሳቀም። ለካ ከካሜራው ጀርባ የማላያት ሌላ የአገራችን ሴት ነበረች፤ እናቴ የምትናገረውን ቃል በቃል ለአሠሪዋ የምታስተረጉም። አማርኛ ትችላለች፣ ካፊኖኖ አትችልም። አያቴ የዚያችን ሴት ድምፅ ሁለት ቃል ብቻ ሰማችና ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም።

በሚቀጥለው ዓርብ እናቴ ብዙ ተናገረች። ፈገግ ብላ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። አያቴ በየመሐሉ «አልሐምዱሊላህ… አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እናቴ እየተናገረች ሳለ ቀኝ እጇ ከጭኗ ተነሣ፣ አውራ ጣቷ ሻሿ ውስጥ ገባና ሻሹን ግራ ቅንድቧ ላይ አወረደው። እኔን እያየች። ሳታቋርጥ እየተናገረች።

ደስታዬ ሊገድለኝ ነበር። ከእኔ ጋር እየተጫወተች ነው፤ ከዚያ ሁሉ አገር ማዶ ማር ማር። እኔም ሻሽ ስላልነበረኝ በመዳፌ ግንባሬን እስከ ቅንድቤ ሸፈንኩላት። እናቴ አልሳቀችም። ከንፈሯ መንቀሳቀሱን አላቆመም፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ አያቴ ትከሻዬን ይዛ ቀለል ብሏት ትራመድ ነበር።

«ደህና ነኝ አለች» አለችኝ። «እመቤቷ እንደ እህቴ ናት አለች። ክፍሌ ሰፊ ነው፣ የምበላው ሞልቷል፣ ኮንትራቴን አድሰውልኛል፣ ትንሽ እቆያለሁ፣ አታስቡ አለች። አንቺስ? ምን አየሽ?»

«ማር ማር ተጫወተችልኝ።»

«ምን አደረገች?»

«ሻሿን አወረደችው።»

አያቴ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ በጎናችን አለፈ። «የት ላይ?» አለች።

«ቅንድቧ ላይ ነዋ። በግራ።»

«ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው ወይስ እየተናገረች?»

«አፏ እየተንቀሳቀሰ።»

«መለሰችው? ፀጉሯ ታየሽ?»

«አልመለሰችውም።»

አያቴ በእጇ ዳብሳ የሰው አጥር ያዘችና ቀስ ብላ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ በዒድ ቀሚሷ። እግሯን ያመማት መስሎኝ ጫማዋን ላወልቅላት ሞከርኩ። «ተይው» አለችኝ። «ተይው፣ ልጄ። አንዴ ልቀመጥ።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ቤታችን ሥራ በዛበት። በርሜሎቹ ተሸጡ። ሚዛኑ ተሸጠ። የእናቴ ሣጥን፣ የአባቴ ትልቁ ሬዲዮ፣ የሱቁ መደርደሪያ ሳይቀር እየተጫነ ወጣ። በእኔ ቤት ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ እናቴ ስትመጣ ሶፋና ፍሪጅ ይዛ ስለምትመጣ ቦታ እየተለቀቀ ነው። ሰው ከዓረብ አገር ሲመለስ ሶፋ ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ልጅ ቦንጋ ውስጥ አልነበረም። ባዶው ሱቅ ውስጥ እየሮጥኩ ድምፄ ሲያስተጋባ እሰማለሁ፣ ሶፋው የሚቆምበትንም ቦታ በከሰል አስምሬ ለእትዬ አስካለማርያም አሳየኋት። እሷ መስመሩን አየች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ቀጥሎ ሺሺንዳ ሄድን፤ እናቴን የላካት ደላላ ሙዝደሊፋ እዚያ ነበር የሚኖረው። ዝናብ ነበር፣ አውቶቡሱ ሽቅብ ሲወጣ ሰዎች ወርደው ይገፋሉ፣ አያቴ ግን በመስኮቱ ምንም የማታየውን ጫካ ፊት ለፊት ታያለች። እኔ ሙዝደሊፋን ለግብዣ ልንጠራው የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ቤቱ ግድግዳውን የሚያህል ቴሌቪዥን አለ፣ ቀዝቃዛ ሚሪንዳ ሰጡኝ። ከዚያ ጉዞ ከሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው የሚሪንዳውን ብርድ ነው፤ በዚህ በራሴ እናደዳለሁ።

«እትዬ ሐዋ፣ እኔ ልጅዎን ለክፉ ሰው አልሰጠሁም» አለ ሙዝደሊፋ። «ወላሂ ሀብታም ቤት ነው ያለችው።»

«ፓስፖርቷ ማን ጋ ነው?»

«አሠሪዋ ጋ። ደንቡ ነው።»

«ትመለስልኝ፣ አንተ ልጅ። የፈለግከውን ንገረኝና አመጣለሁ። ትመለስልኝ ብቻ።»

«ኮንትራት አደሰች እኮ። ራሷ ፈርማ። ከእርስዎ ጋር አውርታ የለ? ተቸገርኩ አለችዎት?»

አላለቻትም። በጆሮዋ የሰማችው ሁሉ ደህና ነኝ ነው።

«እንግዲያው እኔ ነገ ደውዬ አረጋግጥልዎታለሁ፣ አይጨነቁ፣ እንደ ልጅዎ ይቁጠሩኝ» አለ ሙዝደሊፋ። እሱ ይህን እየተናገረ ሳለ አያቴ ሻሿን በአውራ ጣቷ ሳበችና ግራ ቅንድቧ ላይ አወረደችው። ለማን እንደሆነ እንጃ። እዚያ ቤት ይህን የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ሚሪንዳዬን አፌ ውስጥ ይዤ በሳቅ ታነቅኩ።

ቀጥሎ ቦንጋ ቢሮ ሄድን። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ ስለተላክን ተደባልቆብኛል። የምርጫው ዓመት ስለነበር ግድግዳው ላይ ንብ ያለበት ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። ንቧን ሳይ የማር ነጋዴ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ መሰለኝና በትክክለኛው ቦታ መጣን ብዬ ደስ አለኝ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ወጣት ሰውዬ ክፉ አልነበረም። አያቴን ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እናት፣ ኬዙን በአጭሩ ያስረዱኝ።»

አያቴ በአጭሩ አላስረዳችም። ከማሩ ጀመረች። ድብልቅ ማር እንዴት እንደሚታወቅ፣ ለምን ለባለማሩ እንደማይነገር፣ ሻሹ ወደ ላይ ሲሆን ምን፣ ወደ ታች ሲሆን ምን። ሰውዬው እስክሪብቶውን ይዞ አዳመጠ፣ ምንም ሳይጽፍ። በመጨረሻ እንዲህ አላት፦

«እትዬ፣ ሻሽ አወረደች ብዬ ሪፖርት ልጻፍ? ይሄ እኮ ወደ ዞን ይሄዳል፣ ከዞን ክልል፣ ከዚያም አዲስ አበባ። እዚያ የሚያነበው ሰው ምን ይላል?»

«ማር ነጋዴ ከሆነ ይገባዋል» አለችው።

ሰውዬው ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። «ማስረጃ ያምጡልኝ። ፎቶም ቢሆን። አንድ የሚያያዝ ነገር ይኑረኝና እኔ አልጥልዎትም።»

ኢሳያስ ይህን ሲሰማ «ፎቶውን ለእኔ ተዉት» አለ። በቀጣዩ ዓርብ ድምፅ ጭራሽ እምቢ አለ፤ አያቴ «ራሕመት፣ ራሕመት» ብትልም ከወዲያ የሚመልስ የለም፣ ከወዲህ የምትለውም አይደርስም። ምስሉ ግን እየቆመ፣ እየሄደ መጣ። እናቴ እንደገና ሻሿን አወረደች። ኢሳያስ በእኔ ትከሻ ላይ አጎንብሶ የሆነ ነገር ተጫነ፣ ምስሉ ተቀርጾ ቀረ። ያን ጊዜ እናቴ በየሳምንቱ ያን ሻሽ ስታወርድ እኛ ይግባን አይግባን አታውቅም ነበር። ከወዲህ በኩል የምታየው ዓይኗ የጠፋ እናቷንና ግንባሯን በመዳፏ ሸፍና የምትስቅ ልጇን ነው።

ኢሳያስ ፎቶውን በቀለም አትሞ ሰጠን። ይዘነው ሮጥን ማለት ይቻላል። ሰውዬው ወረቀቱን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ አየው፣ አስጠግቶ አየው።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ደስ ብሏት ነው እኮ የምትታየው።»

እውነቱን ነው። ፎቶው አሁን እኔ ጋ አለ። ቆንጆ ቀሚስ ለብሳ ፈገግ ያለች ሴት፣ ሻሿ ትንሽ ወደ ግንባሯ ያዘነበለ። ላሳየሁት ሰው ሁሉ የእናቴን መልክ ነው የሚያወድሰው። ሰውዬውም ፋይሉ ውስጥ አያይዘዋለሁ ብሎ አንዱን ቅጂ አስቀረ፤ አያቴም ደጅ መጥናቱን አላቆመችም፣ በመጨረሻ ግን ሰውዬው ተዘዋወረ ተባለና በእሱ ቦታ የተቀመጠው ማሩን ከመጀመሪያው እንድትነግረው ጠየቃት።

የመጨረሻው ዓርብ ክረምት ገብቶ ነበር። ዝናቡ የኢሳያስን ቆርቆሮ ሲደበድበው አያቴ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ ያዘችው። ያን ቀን ድምፁም ምስሉም መጣ። እናቴ ከስታለች፣ ግራ እጇ ላይ ነጭ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ሒና ተቀብታ የሸፈነችው መሰለኝ፤ ለመምጣት እየተሰናዳች ነው አልኩ በልቤ። ባለ ቀለበቱ እጅ ወንበሩ ላይ አለ።

አያቴ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ፣ «ሻሿ የት ላይ ነው?» አለችኝ።

«ቅንድቧ ላይ። አሁን ሳትነካው ነው የወረደው። ሁለቱም ቅንድቧ ተሸፍኗል።»

አያቴ ቀና አለች። ካሜራው የት እንዳለ ስለማታውቅ ብርሃኑን ፊት ለፊት አየችና፣ ባለማር ስታናግር እንደምታደርገው ድምፅዋን አለስልሳ ተናገረች።

«ሰማሁሽ፣ ልጄ። ደህና መሆንሽን ሰማሁ። እኛም ደህና ነን። ዘንድሮ ማር በጣም መጥቷል። ምነው ትናንት በመጣሽ ኖሮ፣ ራሕመት። በርሜሉ ሞልቷል።»

የእናቴ አፍ መንቀሳቀሱን አቆመ። ኔትወርኩ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ ሁለት እጆቿን አነሣች፣ ጨርቅ የተጠመጠመውንም ያልተጠመጠመውንም፣ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እማማ፣ እየሳቀች ነው» አልኳት። «ስለ በርሜሉ ስትነግሪያት ሳቀች። ኧረ በጣም ነው የምትስቀው።»

እኔም ሳቅኩ። ያ እጅ መጣ፣ ስክሪኑም ጠቆረ።

ከዚያ በኋላ ከእናቴ ስም ጎን ያለችው ትንሽ ክብ አረንጓዴ ሆና አታውቅም። እኔ አልደነገጥኩም። አውሮፕላን ላይ ያለ ሰው ኮምፒውተር እንደማይከፍት ማንም ያውቃል። ቀኑ በረዘመ ቁጥር አገሩ ሩቅ ስለሆነ ነው እያልኩ ለሶፋው ያሰመርኩትን መስመር በአዲስ ከሰል እደግመው ነበር። ኢሳያስ ዓርብ ዓርብ ያን ኮምፒውተር ለማንም አይሰጥም፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀም ቢሆን መጋረጃውን ይዘጋልናል። አያቴ ማዳመጫውን ታደርጋለች። የሚሰማ ነገር የለም። ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ አንዳንዴ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ ሲበቃት አውልቃ ለኢሳያስ ትሰጠዋለች። መንገድ ላይ ከእንግዲህ የምንለዋወጠው አልነበረንም።

ሙዝደሊፋ ስልኩን ቀየረ። በሌላ ጊዜ ከቤቱ ጠፍታለች አለ፣ በሌላ ጊዜ ሌላ ቤት ተቀጥራለች አለ። ጎረቤቶቻችን ሰደቃ ይውጣላት፣ ይለቀስላትና ይውጣልሽ ብለው አያቴን ለመኗት። «መርዶ ያመጣልኝ ማነው?» አለቻቸው። «አየሁ የሚል ሰው አምጡና አለቅሳለሁ።» የሚያመጡት ሰው አልነበራቸውም። እናቴ እስከ ዛሬ አልሞተችም፤ በሕይወትም የለችም። ከዚህ የከፋ አኗኗር አላውቅም።

እኔም በተራዬ ዓረብ አገር መጣሁ። ስመጣ ለሰው ሁሉ እናቴን ልፈልግ ነው አልኩ፤ የሚያምር ምክንያት ነበር። እውነቱ ግን እሷን ለማስመለስ ስንል ያራገፍነው ቤት ከዚያ ወዲህ ሞልቶ አያውቅም። አሁን ካሜራ ለማግኘት ኢሳያስ አያስፈልግም፣ እሱም ቤቱን ዘግቶ ሌላ ሥራ ጀምሯል። የእትዬ አስካለማርያም የልጅ ልጅ ሃሌሉያ ስልክ ይዛ አያቴ አጠገብ ትቀመጣለች። አያቴ ዛሬም ማዳመጫ ይሻለኛል ትላለች፣ ምክንያቱን አትናገርም። እሷ ትሰማለች፣ ሃሌሉያ ታያለች።

ባለፈው ዓርብ ደወልኩ። ለወራት ከዚህ ቤት በር ውጭ አልረገጥኩም፤ ፓስፖርቴ የት እንዳለ አላውቅም፤ ያን ቀን እንድደውል የተፈቀደልኝም እመቤቴ አጠገቤ ቆማ ነው። ከመደወሌ በፊት መስታወት ፊት ቆሜ ሻሼን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ እንዳይንሸራተትም በመርፌ ቁልፍ ወጋሁት። አያቴን ዳግመኛ በየቢሮው ማር ስታስረዳ እንድትውል አልፈልግም። የሚሸጥ በርሜልም የላትም።

«ደህና ነኝ፣ እማማ» አልኳት። «ሰዎቹ ጥሩዎች ናቸው። ምንም አልጎደለብኝም።»

አያቴ ወደ ሃሌሉያ ዞረች። «ሻሿ የት ላይ ነው?»

«ወደ ላይ ነው፣ እማማ። ፀጉሯ ሁላ ይታያል።»

«ወደ ላይ ነው?»

«አዎ።»

እፎይ አልኩ። ሚዛን ላይ አውጪው እስክትለኝ ጠበቅኩ። አያቴ ግን ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ፣ ኢሳያስ ቤት ዝም ብላ ስታዳምጥ እንደምትሆነው ሆና ቆየች። ከዚያ የማታየውን ብርሃን ፊት ለፊት እያየች፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣

«ምነው ትናንት በመጣሽ ኖሮ፣ ዩስራ» አለች። «በርሜሉ ሞልቷል።»

በሁለት እጄ ፊቴን ሸፈንኩ። ከእጄ ወዲያ የሃሌሉያ ድምፅ ይሰማኛል፣ ደስ ብሏት።

«እማማ፣ እየሳቀች ነው» ትላታለች።